ወደ ኋላ የቆጠረው ቆጣሪ፦ በአዳማ አንድ ሕንፃ ላይ የደረሰ የኢንቲጀር ልወጣ ስሕተት

መነሻ

አዳማ ውስጥ አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት የመብራት ቆጣሪ ነክተዋል ተብለው ሁለት ወር ግድም ሲጠረጠሩ ቆዩ። መጀመሪያ የጠረጠራቸው ፕሮግራም ነው፤ ሰዎች ፕሮግራሙን አምነው ተከተሉ። ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው ባለ 16 ቢት ቁጥርን (በ16 የ0 እና የ1 ቦታዎች የሚጻፍን) ወደ ባለ 32 ቢት በሚለውጥ አንድ አጭር አገላለጽ ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጎ (Go) የተባለው ቋንቋ በዓይነት ጉዳይ፣ ማለትም የተለያየ ዓይነት ቁጥሮችን ባለመቀላቀል፣ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን አንድም ቅሬታ አላሰማም። ጥብቅ ቋንቋ ምን እንደሚጠብቅልንና ምን እንደማይጠብቅልን በግልጽ ስለሚያሳይ ጉዳዩን መዝግቤዋለሁ። ሰዎቹንም ሆነ ሕንፃውን በስም አልጠቅስም።

የጉዳዩ ዳራ

ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ዳቦ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ፀጉር ቤትና የሞባይል ጥገና ሱቅ ይገኛሉ፤ ከላይ ያሉት ቢሮዎች ናቸው። ከመብራት ኃይል የገባው ቆጣሪ አንድ ብቻ በመሆኑ ባለቤቱ የወሩን ሒሳብ ለተከራዮች በግምት ያካፍሉ ነበር። ግምት ባለበት ጭቅጭቅ አይጠፋም። ፀጉር ቤቱ የዳቦ ምድጃውን ሒሳብ እየከፈልኩ ነው ይላል፤ ዳቦ ቤቱ ደግሞ የጁስ ቤቱን ማቀዝቀዣ ይጠቁማል። ባለቤቱ ነገሩ ሲሰለቻቸው ለእያንዳንዱ ክፍል አዲስ ዲጂታል ቆጣሪ አስገጠሙ፤ ቆጣሪዎቹን በየሰዓቱ አንብቦ ወር ሲሞላ ሒሳብ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዲሠሩም ሁለት ወጣቶችን ቀጠሩ።

ቆጣሪዎቹ በአንድ የአር ኤስ 485 መስመር (ብዙ መሣሪያዎች በጋራ መረጃ በሚልኩበት ሽቦ) ላይ ተያይዘው የሚጠየቁት በሞድባስ ነው። ሞድባስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎቹ ያወጣው ፕሮቶኮል ሲሆን ዛሬም ከቆጣሪ እስከ ውሃ ፓምፕ ድረስ በየቦታው አለ። ለዚህ ጉዳይ ከእሱ ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መረጃ የሚያቀብለው ባለ 16 ቢት በሆኑ ሬጅስተሮች (የቁጥር መያዣዎች) ነው። ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሬጅስተሮች ይመጣል፤ መልሶ መግጠም የተቀባዩ ሥራ ነው። የእነዚህ ቆጣሪዎች ድምር ፍጆታ ባለ 32 ቢት ምልክት የሌለው (ኔጌቲቭ የማይሆን) ቁጥር ነው፤ መለኪያውም የኪሎ ዋት ሰዓት አንድ መቶኛ ነው። ስለዚህ 41250 ብሎ የመጣ ቁጥር 412.50 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በጎ ቋንቋ ነው። ጎ ውስጥ ኢንት16ን (ምልክት ያለው ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር) ከኢንት32 (የእሱ ባለ 32 ቢት አቻ) ጋር በዝምታ መደመር አይቻልም፤ ኮምፓይለሩ አንዱን ወደ ሌላው በግልጽ እንድትለውጥ ያስገድድሃል። ሲ ቋንቋ በራሱ ሥልጣን እየለወጠ ከሚያልፋቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ እዚህ አይፈጠሩም፤ ወጣቶቹም ቋንቋውን የመረጡት ለዚህ ጥንቃቄው ነበር። ምርጫቸው ጥሩ ነበር እላለሁ።

ችግሩ

ሥርዓቱ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት የዳቦ ቤቱ ንባብ 327 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ደረሰና መውረድ ጀመረ። ሲወጣ በነበረበት ፍጥነት ይወርዳል፦ ንጋት ላይ ምድጃው ሲግል ቶሎ ቶሎ፣ ከሰዓት በኋላ ምድጃው ሲያርፍ ዝግ እያለ። ፕሮግራሙ አዲሱ ንባብ ካለፈው ካነሰ ለባለቤቱ መልእክት እንዲልክ ተደርጎ ነበር። የመልእክቱ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ቆጣሪው ተነክቷል»።

ወር ሲሞላ ነገሩ ባሰ። በኮምፒውተሩ መሠረት የዳቦ ቤቱ ፍጆታ 43.02 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆነ፤ ቀን ከሌት በኤሌክትሪክ ለሚጋግር ቤት የማይታመን ነው። የተከራዮቹ ድምርም ዋናው ቆጣሪ ላይ ከታየው ፍጆታ በብዙ አነሰ። ባለቤቱ ድሮ ባለ ዲስክ ቆጣሪዎች ሽቦ እየተገለበጠ ወደ ኋላ ይዞሩ እንደነበር ያውቃሉ። ሁለቱን ሲያገናኙት ፍርዳቸው ተጠናቀቀ። በጽሑፍ አስጠነቀቁ፣ ቅጣት ጠየቁ፣ ኪራዩንም አላድስም አሉ። የሰፈር ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ነገሩን ለአንድ ወር አስታገሡት።

መጀመሪያ የተሞከረው

የባለቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የዳቦ ቤቱን ቆጣሪ አውልቆ በመጠባበቂያነት የተቀመጠውን ገጠመ። አዲሱ ቆጣሪ ከዜሮ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ቆጠረ። ይህ መልካም ዜና ሊመስል ይችላል፤ ለዳቦ ቤቷ ግን ክፉ ማስረጃ ሆነባቸው። «ሰው ሲያያቸው ተዉት» ተባለ። ከዚያ አዲሱም ቆጣሪ እዚያው 327 ላይ ሲደርስ ወደ ታች ዞረ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ በመስመሩ ላይ ነበር። የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ተከላካይ ተፈተሸ፣ መሬት ተያዘ፣ የንባቡ ፍጥነት ተቀነሰ። ምንም አልተለወጠም፤ ሊለወጥም አይችልም ነበር። ሞድባስ በእያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ ባለ 16 ቢት ማረጋገጫ ይልካል፤ በመንገድ ላይ የተበላሸ መልእክት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይጣላል። ጫጫታ ያለበት መስመር ንባብ ያጎድላል እንጂ በሥርዓት የሚወርድ ንባብ አይፈጥርም።

ወደ መፍትሔ ያቀረበው ሁለተኛ ተጠርጣሪ መገኘቱ ነው። የጁስ ቤቱ ቆጣሪም 327 ላይ ደርሶ መውረድ ጀመረ። ባለቤቱ መጀመሪያ «ዳቦ ቤቷ አስተማረቻቸው» ብለው ነበር። ወጣቶቹ ግን ሁለት የተለያዩ ሱቆች፣ ሦስት የተለያዩ ቆጣሪዎች በአንድ ቁጥር ላይ መታጠፋቸው አላስተኛቸው አለ። አንደኛው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነውና ደወለልኝ።

የዳቦ ቤቷ ደብተር

ኮዱን ከማየቴ በፊት ቆጣሪውን ማየት ፈለግሁ። የቆጣሪው ማሳያ ትክክለኛ ንባብ ይዞ ከሆነ ጥፋቱ ከማሳያው ወዲህ ነው፤ ማሳያውም የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ ከወዲያ ነው። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀም። ሁሉም የሚያየው የኮምፒውተሩን ሰንጠረዥ ነበር።

ለዳቦ ቤቷ ነገሩን ሳስረዳ ከመደርደሪያው ሥር የተማሪ ደብተር አወጡ። «ልጄ፣ ይኸው። ቆጣሪው ከተቀየረ ጀምሮ ማታ ማታ እጽፋለሁ» አሉ። በአንድ ዓምድ የገባው ዱቄት በኩንታል፣ በሌላው የቆጣሪው ማሳያ ቁጥር ተጽፏል። ቀደም ሲል ለባለቤቱ አሳይተውት ነበር፤ «የእጅ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም» ተብለው ተመለሱ።

«እትዬ፣ ለዛሬ ያውሱኝ» ብዬ ተቀበልኩና የኮምፒውተሩን ንባብ በተመሳሳይ ሰዓት ከጎኑ ጻፍኩ። ደብተሩ 412.50 ሲል ኮምፒውተሩ 242.86 ይላል። በማግስቱ ደብተሩ 430.17፣ ኮምፒውተሩ 225.19። በሦስተኛው ምሽት ደብተሩ 451.08፣ ኮምፒውተሩ 204.28። አንዱ በጨመረው ልክ ሌላው ቀንሷል፤ ስለዚህ ድምራቸው ቋሚ መሆን አለበት። ሦስቱንም ደመርኳቸው፦ 655.36፣ 655.36፣ 655.36።

ከቢት ጋር የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ነጥቡን አውጥቶ ያነበዋል፦ 65536። ሁለት በራሱ 16 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ግማሹ 32768 ነው፤ ንባቦቹ የታጠፉበት 327.68 ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ኮዱን የከፈትነው የምንፈልገውን እያወቅን ነበር።

የስሕተቱ ምንጭ

ፕሮግራሙ ሬጅስተሮቹን ኢንት16 አድርጎ ያነባል፤ ቀጥሎ ሁለቱን እንዲህ ይገጥማል፦

ድምር := ኢንት32(ላይ)<<16 | ኢንት32(ታች)

ላይኛውን 16 ቢት ወደ ግራ ግፋ፣ ታችኛውን በኦር (ከሁለቱ በአንዱ 1 ያለበትን ቦታ 1 በሚያደርገው የቢት ስሌት) አስገባበት ማለት ነው። ቀና መስሎ ይታያል፤ ንባቡ ከ327.68 በታች እስከሆነ ድረስም በትክክል ይሠራል።

16 ቢት በምልክት አልባ ዓይነት ከ0 እስከ 65535 ይይዛል፤ ምልክት ባለው ዓይነት ደግሞ ከ32768 ኔጌቲቭ እስከ 32767። ቢቶቹ እነዚያው ናቸው፤ የሚለየው የግራ ጫፏ ቢት ትርጉም ነው። 41250 በሁለትዮሽ 1010000100100010 ነው። ግራ ጫፉ ላይ 1 ስላለ ኢንት16 ሆኖ ሲነበብ −24286 ይሆናል። ወደ ኢንት32 ሲለወጥ ጎ የሚጠብቀው የቁጥሩን ዋጋ ነው፦ −24286 በሰፊውም ቤት −24286 ሆኖ መቀጠል አለበት፣ ለዚህም በግራ በኩል የተጨመሩት 16 ቢቶች በሙሉ በ1 ይሞላሉ። ከላይኛው ሬጅስተር ጋር በኦር ሲገናኙ እነዚያ አንዶች ላይኛውን ክፍል ጨርሰው ይውጡታል። ቋንቋው እዚህ ያጠፋው ነገር የለም፤ ሕጉ ላይ የተጻፈውን ነው ያደረገው።

ታዲያ ኔጌቲቭ ንባብ ለምን በሰንጠረዡ ላይ አልታየም? ወጣቶቹ ፕሮግራሙን ሲሞክሩ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረው አሮጌ ቆጣሪ ኔጌቲቭ ቁጥር አሳይቷቸው ነበር። ሽቦው ተገልብጦ ይሆናል ብለው ገመቱ። ፍጆታ ኔጌቲቭ ስለማይሆን ምልክቱን የሚጥል መስመር ጨመሩ። ያ መስመር −24286ን 24286 አደረገው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ኔጌቲቩ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ንባቡ የሚወርድ መሰለ። የመጀመሪያው ስሕተት ብቻውን ቢሆን በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ማንም የሚስቅበት የኔጌቲቭ ሒሳብ ወጥቶ ጥፋቱ በዚያው ዕለት ይታወቅ ነበር። ለእኔ ከሁለቱ የከፋው ሁለተኛው ነው፤ አንደኛውን ሸፍኖ በሰው ላይ የሚያላክክ አድርጎታል።

ኢንት16ስ ከየት መጣ? ማንበቢያው ፋንክሽን የተወሰደው ወጣቶቹ ቀደም ሲል ለአንድ የሥጋ ማቀዝቀዣ ከሠሩት ፕሮግራም ነው። እዚያ የሚነበበው ሙቀት ነው፤ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት፣ ኢንት16ም ትክክለኛው ዓይነት ነበር። ወደ ቆጣሪው ሲዘዋወር ስለ ዓይነቱ የጠየቀ አልነበረም። ኮምፓይለሩ ጠይቆ ነበር ማለት ይቻላል፦ «ኢንት16 እና ኢንት32 አይገናኙም» ባለ ጊዜ። መልሱ ግን ኢንት32( ) ብሎ መጠቅለል ሆነ፤ የመጣን ደብዳቤ ሳያነቡ እንደመፈረም።

ጥገናው፣ ከነተሳሳቱት ሙከራዎች

የመጀመሪያው ሐሳብ ቤቱን ማስፋት ነበር፤ ኢንት32ን በኢንት64 ተኩ። ውጤቱ ያው −24286 ሆነ፤ የምልክት ቢቷ ወደ 48 ቦታ ተባዛች እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። ቁጥር ሲበላሽ ሰፋ ያለ ዓይነት መፈለግ የተለመደ ነው፤ አንዴ በተሳሳተ ትርጉም የተነበበን ቁጥር ግን ስፋት አያድነውም።

ሁለተኛው ሙከራ በቀጥታ ወደ ዩኢንት32 (ምልክት አልባው ባለ 32 ቢት ዓይነት) መለወጥ ነበር። ጎ መጀመሪያ ምልክቱን ያስፋፋል፣ ከዚያ ቢቶቹን ምልክት አልባ አድርጎ ያነባል። ንባቡ 4294943010 ሆነ፤ 42,949,430.10 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። 153 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይህን ለማምረት በሙሉ አቅሙ 12 ቀን ግድም መሥራት ነበረበት። ዳቦ ቤቷ ሲነገራቸው የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

የሠራው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ታችኛው ሬጅስተር በመጀመሪያ በዚያው ስፋት ወደ ዩኢንት16፣ ከዚያ ወደ ዩኢንት32 ይለወጣል። የመጀመሪያው ልወጣ ስፋቱን ሳይነካ ትርጉሙን ያቀናል፤ ሁለተኛው ግራውን በዜሮ እየሞላ ያሰፋል። 41250 ሆኖ ወጣ።

ወጣቶቹ እንዲህ ያለ ድርብ ልወጣ አልጣማቸውም፤ ልክ ናቸው። ከነጭራሹ ሬጅስተሮቹን ዩኢንት16 አድርገው ማንበብ ጀመሩና መግጠሚያውን ዩኢንት32(ላይ<<16) ብለው ጻፉት። ሙከራዎቹ ሁሉ አለፉ። ነገር ግን ጎ ውስጥ የግፊት ውጤት የሚገፋውን ቁጥር ዓይነት ይይዛል፦ ባለ 16 ቢት ቁጥር 16 ቦታ ወደ ግራ ሲገፋ ሁሉም ቢት ወጥቶ ዜሮ ይቀራል። ሲ ቋንቋ በተለመደው ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን አስቀድሞ ወደ ባለ 32 ቢት ስለሚያሳድገው ከዚያ የመጣ ልማድ እዚህ ይጥላል። ሙከራው ያለፈው የትኛውም ቆጣሪ በወቅቱ 655.36 ስላልደረሰና ላይኛው ሬጅስተር ሁልጊዜ ዜሮ ስለነበረ ነው። ከጎ ጋር የሚመጣው ቬት የተባለው መመርመሪያ ግፊቱ ከቁጥሩ ስፋት ጋር እኩል መሆኑን ጠቁሞ ያዘው። ቬት ይህን ምርመራ ለብቻው ሲታዘዝ እንጂ ከሙከራዎቹ ጋር በራሱ እንደማያካሂድ ልብ በሉ።

በመጨረሻ የቢት ግጥሚያው በእጅ መሠራቱ ቀረ። አራቱ ባይቶች (ባለ 8 ቢት ቁራጮች) ሳይነኩ ይያዛሉ፤ የጎ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ባለው የትልቅ ጫፍ አንባቢ (ትልቁን የቁጥሩን ክፍል በሚያስቀድመው) በአንድ ጊዜ ዩኢንት32 ይሆናሉ። የትኛው ሬጅስተር ቀድሞ እንደሚመጣ ሞድባስ ስለማይደነግግ በቆጣሪው መመሪያና በማሳያው ተረጋገጠ። ምልክት የሚጥለው መስመር ተሰረዘ። ለፍጆታና ለሙቀት የተለያዩ ዓይነቶች ተሰይመው አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ኮምፓይለሩ የሚከለክለው ሆነ። ለሙከራም ቆጣሪ መስሎ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ተጻፈ፤ 0፣ 32767፣ 32768፣ 65535፣ 65536 እና 98304ን ይልካል። እነዚህ ስድስት ቁጥሮች መጀመሪያውኑ ቢኖሩ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

የሒሳቡ ነገር

ያለፈውን ንባብ ማዳን ተችሏል። በዳቦ ቤቱና በጁስ ቤቱ በኩል የሚወርዱት ንባቦች ከ655.36 ሲቀነሱ ትክክለኛው ይገኛል። ተነቅሎ ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን የመጀመሪያ ቆጣሪ ኃይል ሰጥተን ስናየው 612.34 ይላል፤ ከኮምፒውተሩ 43.02 ጋር ሲደመር 655.36። ባለቤቱ ይህን ድምር በራሳቸው ስልክ ሁለት ጊዜ ሠሩት። ዳቦ ቤቷ የተጠየቁት ቅጣት ቀረ፤ ያልተከፈለውን እውነተኛ ፍጆታ ግን ያለማንገራገር ከፈሉ። በሽማግሌዎቹ ፊት «እትዬ፣ ይቅርታ» ተባለ፤ ኪራዩም ታደሰ።

ለሌላ ሥራ የሚሻገረው

በዚህ ጉዳይ ብዙ ያሳሰበኝ የመልእክቱ ቃል ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ንባብ መቀነሱን ብቻ ነበር፤ «ቆጣሪው ተነክቷል» የሚለው የፕሮግራመር ግምት ነው። ዛሬ መልእክቱ «ንባቡ ከ327.66 ወደ 327.51 ቀንሷል፤ ማሳያውን ያረጋግጡ» ይላል። ጥሬዎቹ ባይቶችም አብረው ይቀመጣሉ። የዓይነት ስሕተት ሊታረም ይችላል፤ የተጣለ ጥሬ መረጃ ግን አይመለስም። እዚህ ያዳነን የቆጣሪው ማሳያና የአንዲት ሴት ደብተር ነው።

ሁለተኛው፣ ልወጣው ያለበት መስመር የስሕተቱ ቦታ ላይሆን ይችላል። ኢንት16ን ወደ ኢንት32 መለወጥ ዋጋ የማያጠፋ ልወጣ ስለሆነ የትኛውም መመርመሪያ አያወግዘውም። ጥፋቱ የተሠራው ቀድሞ፣ ባይቶቹ ምልክት ያለው ቁጥር ተብለው ሲሰየሙ ነው። በሌሎች ቋንቋዎችም ጉዳዩ ቅርጹን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ጃቫ ውስጥ ባይት ራሱ ምልክት ያለው ስለሆነ ከ255 ጋር «አንድ» (AND) በተባለው የቢት ስሌት ማጣራት ግድ ነው። ረስት ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ አዝ የተባለው ልወጣ እንደ ጎ በዝምታ ያልፋል፤ ፍሮም የተባለው ግን ምልክት ካለው ወደ ምልክት አልባ ለመሄድ ከነጭራሹ አይተረጎምም። ምርጫ ካለ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ የሚዘዋወር ኮድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የመጀመሪያዋ አሪያን 5 ሮኬት በተነሣች በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ የጠፋችው ከአሪያን 4 በተወረሰ ፕሮግራም ነው፤ ባለ 64 ቢት ተንሳፋፊ (ነጥብ ያለው) ቁጥር ባለ 16 ቢት ምልክት ያለው ኢንቲጀር ውስጥ አልገባ አለ። ቋንቋው አዳ ነበር፤ በዓይነት ጥብቅነት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። አዳ ቢያንስ ስሕተት መፈጠሩን ተናግሯል፤ ጎ ባለማሳወቁ የኛዎቹ ሁለት ወር ፈጀባቸው።

ኮዱን ስናገላብጥ የእያንዳንዱ ንባብ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሚቆጠር የኢንት32 ሰከንድ መቀመጡንም አየን። ይህ ቆጠራ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ፣ የጥምቀት ዕለት ነው። እሱም በዚያው ጥገና ወደ ኢንት64 ተቀየረ።